ግማሽ ገጽ

ከቱሉ ዲምቱ ወረዳ፣ ከአጥሩ ጥግ ነው ቦታዬ፤
በሽቦ ከብረቱ ጋራ ታስሮ የቆመ ጥላዬ።
ከፊቴ ያልተሸነሸነች አንዲት የጤፍ ማሳ ቀርታለች፤
በመሃል ባጃጅ አቧራ እየተፋች ታልፋለች።
ወረቀቴን ድንጋይ ጭኜ፣ ነፋሱ እንዳይወስድብኝ፣
የሰው አቤቱታ እጽፋለሁ፣ በገጽ ሠላሳ ሲከፍሉኝ።

ወይዘሮ ስመኝ መጣች፣ አራት ገጽ በፌስታል ጠቅልላ፤
ባዶ ጀሪካኗን ደፍታ ተቀመጠች ተደላድላ።
«ሦስቴ መለሱት» አለችኝ፤ «‹አልገባንም› ነው ቃላቸው፤
አምስት ወር ውሃ አላየንም፤ ይኸው ነው፤ ሌላ ምን ላውራቸው?
ጋሽ ዘርጋው ነው የጻፈልን፣ ሠላሳ ዓመት አስተማሪ፤
ጉልበቱ ደረጃ እንቢ ያለው፣ አራተኛ ፎቅ ነዋሪ።»

አነበብኩ። እጅ ጽሑፉ የሠርግ ጥሪ ይመስላል።
የመጀመሪያው ገጽ ሙሉ ሰላምታ ይሰጣል፤
ሁለተኛው ስለ ሥልጣኔ፣ ስለ ወንዞች ይሰብካል፤
«የእኛ ብሎክ» የሚለው ቃል ሦስተኛው ላይ ብቅ ይላል።

አራተኛው ላይ ተረት አለ፦ «ውሃ ሽቅብ አይፈስም»።
ያምራል። ለከሳሽ ግን አይሆንም።
«እኛስ ምን አልን?» ሊል የሚችል መሐንዲስ አለ እዚያ ቤት፤
ተረቱ ለእሱ ጠበቃ ነው፤ ሰረዝኩት ካለበት።

«መላው ነዋሪ ተጠማ» ይላል። መላው ጉሮሮ የለውም፤
አንዲት ሴት ስትወጣ ካላዩ፣ ሺህ ሰው ሲጠማ አይታይም።

ከዚያ ደግሞ «መስመራችን ተቆርጧል» የሚል አለ።
ተቆርጧል። በማን? ቆራጩ ከዓረፍተ ነገሩ ኮበለለ።
ይህቺ «ተ» ነጠላ ናት፣ ጥፋተኛ ትከልላለች፤
እኔንም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ስንት ቀን አብልታኛለች።
ግን አልሰረዝኳትም። ቆራጩ ራሱ ነው ተቀባዩ፤
«አንተ ነህ» ብዬ ብጀምር መሳቢያ ይገባል ጉዳዩ።

ከእሱ በፊትስ ማን ያነበዋል? ይህን እንኳ አውቃለሁ፦
የመዝገብ ቤቷ ልጅ ናት፣ ዘውድነሽ፤ በየጠዋቱ አያታለሁ፤
ሁለት ባዶ ሃይላንድ በቦርሳዋ ይዛ ትገባለች፣
ማታ ከቢሮው ቧንቧ ሞልታ ወደ ኮዬ ትሄዳለች።
ደብዳቤውን በሁለት ክምር ትለያለች፦ «ዛሬ» እና «ይቆይ»።
የምጽፈው ለእሷ ነው፤ ኃላፊው ኋላ ይይ።

ስመኝን ጠየቅኋት፦ «ስንት ደረጃ ነው ሽቅብ?»
«ሰባ ሁለት።» ቆይ አላለችም፣ አላለችም እስቲ ላስብ።
«በቀን?»
«አራቴ። ሁለቱ የእኔ፣ ሁለቱ የጋሽ ዘርጋው።»
እሱን ብቻ ጻፍኩ። ከአራት ገጽ ግማሽ ገጽ ነው የተረፈው።
(በገጽ ለሚከፈለው ሰው ይህ የሞኝ ንግድ ነው።)

አነበብኩላት። ዝም አለች። ወረቀቱን ገልብጣ አየች፣
ከኋላው የቀረ ነገር እንዳለ የጠረጠረች።
«ለነሱ ይሁን፤ ደግ ነው። ለእሱ ግን ምን ልበለው?
ሦስት ሌሊት በሻማ ነው ቁጭ ብሎ የጻፈው።
ውሃ አመላልሼ ሳንቲም አልቀበልም ብዬው፣
‹እንግዲያው ቃል ልክፈልሽ› አለኝ። ይህ ነው ክፍያው።»

አንባቢው ሁለት ነው ለካ።
ወፍራሙን ወረቀት አወጣሁ፣ ለጋብቻ ውል የማስቀምጠውን፤
አራቱን ገጽ ገለበጥኩ፣ ሰላምታውን፣ ሥልጣኔውን፣
ሽቅብ የማይፈስ ውሃውን፣ አንድ ነጠላ ሰረዝ ሳላጎድል።
«ኮፒው ነው በይው» አልኳት። ዋሸን? እንጃ። ለአንባቢ ማሰብ ነው እንበል።

ሐሙስ ተመለሰች። ግማሽ ገጹ ከ«ይቆይ» ክምር አምልጧል፤
ውሃው አልመጣም። ቧንቧው ግን ሌሊት ሁለቴ አስሏል።
«ጋሽ ዘርጋው ልኮልሃል» ብላ አራቱን ገጽ ሰጠችኝ፤
እንደ ተማሪ ፈተና ቀይ ቀለም ፍለጋ ዓይኔ ፈጠነብኝ።
ሰላምታውን አልነካውም፤ ተረቱንም፤ ሦስተኛው ገጽ ላይ ግን
«ተ»ን በቀይ ሰርዟታል፤ እንዲህ ብሎ ጽፏል ከጎን፦
«ማን?»